ድያፍራም ላይ ሲስት ታየ ሲባል

ጎንደር ውስጥ ቀኝ ጎኑን የወጋው ሰው መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይላል። ሲሰነብትበት ደግሞ «ጨጓራ ነው»። ፌጦውም ነጭ ሽንኩርቱም ይሞከራል። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ይነሳና «ጉበትህ አካባቢ ውሃ የቋጠረ ነገር አለ» ይባላል። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ካንሰር ነው ብሎ ይደነግጣል። ረጋ በሉ።

ድያፍራም ደረትና ሆድን የሚለየው፣ ስንተነፍስ ከፍ ዝቅ የሚለው ስስ ጡንቻ ነው። እሱ ላይ ሲስት፣ ማለትም ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ መውጣቱ ብርቅ ነው። ሲወጣም ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም።

ምልክቱ

አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም፤ ለሌላ ጉዳይ በተነሳ ምርመራ ድንገት ይገኛል። ካደገ ግን ከጎድን አጥንት ስር ይከብዳል፣ አየር በረጅሙ ሲስቡ ይወጋል። አንዳንዱን ትከሻውን ያመዋል። ትከሻ ምን አገባው? የድያፍራሙ ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው፤ የትከሻውም ስሜት ከዚያው አካባቢ ይመጣል።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለበት ሌላ ነገር ነው። ጉበት መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሆስፒታል ሂዱ።

ምንድን ነው?

ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ፣ ቦታው በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ከሆነ፣ አብሮ የተወለደ ተራ ሲስት ሊሆን ይችላል። ልጆች ላይም ይታያል። ከጉበት ሲስት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ «አየር ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» እያለ ያያል። ጉበቱ ከሲስቱ ስር ሲንሸራተት ከታየ ከጉበት አለመነሳቱን ይጠቁማል። ካልለየለት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ውስጡ ትንንሽ ሲስቶች ወይም ተላጦ የሚንሳፈፍ ሽፋን ካለ ከውሻ የሚመጣው ትል፣ ሃይዳቲድ፣ ይጠረጠራል። የደም ምርመራ ይረዳል፤ ግን «የለም» ቢልም ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም።

ምን ይደረግ?

ተራው ሲስት ካላስቸገረ አይነካም። በአልትራሳውንድ እየታየ ይቆያል፤ በራሱ የሚቀንስም አለ። ካስቸገረ በመርፌ ተቀድቶ አልኮል ይገባበታል፤ ዝም ብሎ ከተቀዳ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል። አለዚያ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ግድግዳው ወፍራም ወይም ውስጡ ጠጣር ከሆነም ወጥቶ ይመረመራል።

«ውሃው ይቀዳልኝ» ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። ሃይዳቲድ ከሆነና ያለ ዝግጅት ከተወጋ፣ የሚፈሰው ውሃ ለሞት የሚያደርስ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ ትሉንም ሆድ ወይም ደረት ውስጥ ሊዘራው ይችላል። መርፌ ሲነሳ «ሃይዳቲድ አለመሆኑ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ አይቀየማችሁም።

ሃይዳቲድ ከሆነ ለሆድ ትል አንዴ የምንውጣት አልቤንዳዞል እዚህ ለወራት ልትወሰድ ትችላለች፤ ጉበትና ደም እየተመረመረ። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ትናገር። ቀዶ ጥገናው ሪፈራል ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ሥራ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስትሄዱ የድሮውን ፊልምና ውጤት ያዙ። ሲስቱ ማደጉ የሚታወቀው ከድሮው ልኬት ጋር ሲተያይ ነው።

በበዓል የታረደው በግ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። ሰው የሚያዘው ስጋውን በልቶ ሳይሆን፣ ያንን የበላ ውሻ በዓይነ ምድሩ በሚያወጣው እንቁላል ነው። ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።