«እኔ ማን ነኝ?»፦ በአድቫይታ ቬዳንታ መንገድ ራስን የመመርመር ተመስጦ እንዴት ይሠራል

ስለ ሂንዱ ተመስጦ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቀቱን ለማራገፍ የተቀመጠን ሰው ነው። የጭንቀት መቅለል የሚናቅ ነገር ባይሆንም፣ ኡፓኒሻድ በተባሉት ጥንታዊ የሳንስክሪት መጻሕፍት ላይ የተመሠረተው የአድቫይታ ቬዳንታ አስተምህሮ ተመስጦን የሚፈልገው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በየዕለቱ ሳናስበው «እኔ» የምንለው ማን እንደሆነ አጣርቶ ለማወቅ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ራማና ማሃርሺ የተባሉት የደቡብ ሕንድ መምህር ያስተማሩት ልምምድ ሲሆን፣ አቀራረቡ ጀማሪ ሰው በቤቱ ሊሠራው እንዲችል ተደርጓል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

አስተምህሮው እንደሚለው፣ አትማን የሚባለው የሰው እውነተኛ ራስ ሥጋም፣ ሐሳብም፣ ስሜትም አይደለም፤ እነዚህን ሁሉ የሚያውቀው ንቃት ነው፤ ይህም ንቃት የሁሉ መሠረት ከሆነው ከብራህማን የተለየ አይደለም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖረ የሚነገርለት ፈላስፋ ሻንካራ ይህን ሐሳብ በሰፊው አብራርቶታል። ሂንዱ ሁሉ በዚህ ይስማማል ማለት ግን አይደለም። ሌላው የሂንዱ መምህር ራማኑጃ ነፍሳት ከአምላክ የማይነጣጠሉ ቢሆኑም የራሳቸው ህልውና እንዳላቸው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ማድቫ ደግሞ ነፍስና አምላክ ለዘላለም የተለያዩ እንደሆኑ አስተምረዋል። ስለዚህ ፈጣሪንና ፍጡርን አጥብቆ በሚለይ ሃይማኖት ያደገ አንባቢ በዚህ ነጥብ ላይ ቅሬታ ቢያድርበት፣ ቅሬታው በሕንድም ለዘመናት ሲያከራክር የኖረ ነው።

ራማና ወደዚህ ልምምድ የመጡት መጽሐፍ አንብበው አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896፣ ገና በ16 ዓመታቸው፣ በማዱራይ ከተማ በአጎታቸው ቤት ብቻቸውን ሳሉ ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው ድንገት የሞት ፍርሃት ያዛቸው። ሰው ጠርተው ከመጮህ ይልቅ መሬት ላይ ተዘርግተው እንደ በድን ደርቀው ተኙ፤ ከንፈራቸውን ገጥመው ትንፋሻቸውን ያዙና፣ ይህ ሥጋ ቢሞት አብሮ የሚሞተው ምንድን ነው ብለው ራሳቸውን መረመሩ። ከሳምንታት በኋላ ቤታቸውን ትተው አሩናቻላ ከተባለው ተራራ ሥር ወደምትገኘው ቲሩቫናማላይ ሄዱ፤ በ1950 እስካረፉበት ቀን ድረስም ከዚያ አልተለዩም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይናገሩም ነበርና፣ ለአንድ ጠያቂ በጽሑፍ የሰጧቸው መልሶች ቆይተው የልምምዱ መመሪያ ሆኑ።

ቦታና አቀማመጥ

በዚህ ረገድ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። አምላክ ክሪሽና ለጦረኛው አርጁና የሰጠውን ትምህርት የያዘው የባጋቫድ ጊታ መጽሐፍ በ6ኛ ምዕራፉ ንጹሕና ጸጥ ያለ ቦታ፣ ከመጠን በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ያላለ መቀመጫ፣ ቀጥ ያለ ወገብና አንገት ይበቃል ይላል፤ አብዝቶ የሚበላም፣ ጨርሶ የማይበላም፣ እንቅልፍ የሚያበዛም፣ የሚነፍግም ሰው በዚህ መንገድ እንደማይሳካለት ያክላል። ወንበር ላይ መቀመጥ ነውር የለውም። ማለዳ ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ያለው ሩብ ሰዓት ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ሆዱ በሞላ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ማንቀላፋቱ አይቀርምና።

ከተቀመጡ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሽዎ ሲገባና ሲወጣ በጸጥታ ይከታተሉ። አእምሮ በዚህ ይረጋጋል፤ ሆኖም ራማና እንዳስጠነቀቁት በትንፋሽ የተገኘ ጸጥታ ጊዜያዊ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና ተመስጦውን የጨረሰ ይመስለዋል።

የሚታወቀውን ከሚያውቀው መለየት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ይግቡ። በዚህ ሰዓት የሚታወቅዎትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይመልከቱ። ጉልበትዎ ይቆረጥማል እንበል፤ ቁርጥማቱ ይታወቃል፣ የሚያውቀውም አለ። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ድምፁ ይመጣል ይሄዳል፣ የሚሰማው ግን ከድምፁ ጋር አልሄደም። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ጠለቅ ይበሉ፦ «ይህ ነገር አሰልቺ ነው» የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ሐሳቡም እንደ ሬዲዮው ሁሉ የሚታይ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ። ታይቲሪያ ኡፓኒሻድ ሰውን ከሥጋ ጀምሮ በሕይወት እስትንፋስ፣ በአእምሮ፣ በማስተዋልና በሐሴት አድርጎ አምስት ድርብርብ ሽፋኖች እንዳሉት ሰው ይገልጸዋል፤ ልምምዱም ይህንኑ ተከትሎ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ደግሞ በየደረጃው «ይህ አይደለም፣ ይህ አይደለም» እያሉ ማለፍን ያስተምራል።

በእኔ ግምት ጀማሪው አብዝቶ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። «ሥጋ አይደለሁም» የሚለውን ቃል በአፍ መደጋገም ምንም አያስገኝም። የሚፈለገው የጉልበቱን ቁርጥማት ራሱን እያዩ፣ ቁርጥማቱ የሚታይ እንጂ የሚያይ አለመሆኑን በዚያው ቅጽበት ማስተዋል ነው።

ጥያቄውን ወደ ራሱ መመለስ

እየቆዩ ሲሄዱ አንድ ሐሳብ ይዞዎት መሄዱ አይቀርም። «የዚህ ወር የቤት ኪራይ ከየት ይመጣል?» የሚለው ሐሳብ መጣ እንበል። ሐሳቡን አይታገሉት፣ አይከተሉትም፤ «ይህ ሐሳብ የመጣው ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ለእኔ» የሚል ይሆናል። ያን ጊዜ «እኔ ማን ነኝ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ስምዎን፣ ሥራዎን ወይም ከመጽሐፍ ያነበቡትን መልስ አያምጡ፤ ትኩረትዎን ከኪራዩ አንሥተው «እኔ» የሚለው ስሜት ወደሚነሣበት ወደዚያው ይመልሱት፣ የቻሉትን ያህልም እዚያው ይቆዩ። ምናልባት የሚቆዩት ለሁለት ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ሌላ ሐሳብ ሲመጣ እንደገና ይጠይቁ።

በራማና አስተምህሮ «እኔ» የሚለው ሐሳብ የሌሎች ሐሳቦች ሁሉ ሥር ነው፤ ምንጩ ሲፈለግም ራሱ ይከስማል። ጥያቄውም ቢሆን ለዘለዓለም የሚያዝ አይደለም፤ ሂንዱዎች አስከሬን ሲያቃጥሉ እሳቱን የሚቆሰቁሱበት እንጨት በመጨረሻ እዚያው እሳት ውስጥ እንደሚነድድ፣ ጥያቄውም ሐሳቦችን አጥፍቶ አብሮ ይጠፋል ብለዋል። ስለዚህ «እኔ ማን ነኝ» የሚለውን እንደ ጸሎት መቶ ጊዜ መደጋገም የልምምዱን ዓላማ መሳት ነው።

«ፈልጌ ምንም አላገኘሁም» የሚል ሰው የቻንዶግያ ኡፓኒሻድን ታሪክ ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። ሽቬታኬቱ የተባለ ወጣት ለ12 ዓመት ተምሮ፣ በዕውቀቱ ኮርቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ ማታ ጨው ውኃ ውስጥ እንዲጨምር ያዘዋል፤ ጠዋት ደግሞ ጨውን አምጣ ይለዋል። ልጁ ቢፈልግ አጣው። ከላይ ቅመሰው፣ ከመሐል ቅመሰው፣ ከታች ቅመሰው ቢለው በሁሉም በኩል ጨው ጨው አለው። አባትዬውም ያ የማይታየው በሁሉ ያለው እውነት «አንተ ነህ» ሲል ነገረው። ራስን እንደ አንድ ዕቃ አንሥቶ ማየት አይቻልም፤ በፍለጋው መሐል ምንም አለመታየቱ ራሱ ለአንድ ሰው ታውቆታልና፣ ትኩረቱ ወደዚያ ይመለስ።

በልምምዱ መሐል የሚያጋጥሙ ነገሮች

እንቅልፍ ሲመጣ ዓይንዎን ይክፈቱ፣ ወይም ተነሥተው ትንሽ ይራመዱ፤ ፈዝዞ ጸጥ ማለትን ራማና እንደ ውጤት አልቆጠሩትም። ብርሃን፣ ድምፅ ወይም ልዩ ደስታ ቢመጣም እንደ ኪራዩ ሐሳብ «ለማን ታየ?» ተብሎ ይጠየቅበታል። አእምሮ አልገዛ ቢልዎት፣ በጊታው አርጁናም ይህንኑ ተማርሮ ተናግሯል፤ ክሪሽና በልምምድና ከምኞት በመላቀቅ ይገዛል ብሎ መልሶለታል።

ከእንቅልፍ በነቁበት ቅጽበት የሚሠራ ሌላ አጭር ልምምድም አለ። 12 አንቀጽ ብቻ ያሉት ማንዱክያ ኡፓኒሻድ ንቃትን፣ ሕልምንና ድብን ያለ እንቅልፍን ይለይና፣ ከሦስቱ ያለፈ አራተኛ እንዳለ ያስተምራል። በሕልም ሌላ አካል፣ ሌላ አገር ነበር፤ በድብን ያለ እንቅልፍ ምንም አልነበረም፤ ሆኖም ሰው ነቅቶ «ጥሩ ተኛሁ» ይላል። ከአልጋ ሳይወርዱ ለአፍታ፣ በሦስቱም ያልተቋረጠው ማን እንደነበር ይመልከቱ።

በቅርቡ ከባድ ሐዘን የደረሰበት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ረጅም ተመስጦ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል። ራስን ወይም አካባቢን እንደ ባዕድ የማየት የሚያስፈራ ስሜት ከመጣም ልምምዱን ማቆም ተገቢ ነው። ገንዘብ ወይም ጭፍን ታዛዥነት ከሚጠይቅ «ጉሩ» (መንፈሳዊ መምህር) መራቅም እንዲሁ።

ይህን ለማድረግ ትዳርና ሥራ መተው አያስፈልግም፤ ራማና ቤታቸውን ጥለው ለመመነን የጠየቋቸውን ብዙዎች ወደየቤታቸው እየመለሱ፣ ምርመራው በሥራ መሐልም ይቀጥላል ይሏቸው ነበር። አለቃዎ ሲቆጣዎት የተቀየመው ማን እንደሆነ በዚያው ሰዓት መጠየቅ ማለዳ ከሚደረገው ይከብዳል፤ ስለዚህ የማለዳው ከረጋ በኋላ ይሞከር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከነጭራሹ ለማይስማማው ሰው ደግሞ ራማና ሁለተኛ መንገድ አስተምረዋል፤ ያም «የእኔ» የሚሉትን ሁሉ ለአምላክ አሳልፎ መስጠት ነው።