ሜዳ ላይ ይበራል፣ ቁልቁለት ላይ ይደርቃል፦ የስኬቲንግ ተማሪ ችግርና መፍትሄው

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሰፊ አስፋልት፣ የዘንባባ ጥላ፣ ከጣና የሚመጣ ነፋስ። ስኬቲንግ፣ ማለትም ጎማ በመስመር የተደረደረበት ጫማ አድርጎ መንዳት፣ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ ከተማ አላውቅም። ግን ይኸው ሜዳነቷ ልጆቻችንን ይጎዳቸዋል። በሁለት ወር ውስጥ ፍጥነት ይለምዳሉ። መቆም አይለምዱም፤ ሜዳ ላይ መግፋት ከተውክ ጫማው ራሱ ይቆማላ። ከዚያ አንድ ቀን ትንሽ ቁልቁለት ይገጥማቸዋል። ያኔ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ይመጣሉ።

ሰባት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ጠዋት፣ መኪናና ባጃጅ ሳይበዛ፣ አስተምሬያለሁ። አንድ ዓይነት ብልሽት መቶ ጊዜ ስላየሁ ይህን ጻፍኩ። ሄልሜት፣ የጉልበትና የእጅ አንጓ መከላከያ አድርገሃል፣ ብሎኖቹንም አጥብቀሃል ብዬ ነው የምነሳው። ያላደረግክ ከሆነ ማንበቡን ተወውና መጀመሪያ እሱን አድርግ።

ጎማው ይንጫጫል፣ ብትገፋውም ቶሎ ይቆማል

ኩሽኔታ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ባቆረ መንገድ የነዳ ወይም ሐይቁ ዳር አሸዋ የረገጠ ልጅ በሳምንቱ ይህን ይዞ ይመጣል። በአንድ እግር አራት ጎማ ያለው ጫማ በጥንዱ 16 ኩሽኔታ አለው። አብዛኞቹ አንድ ልክ ናቸው፤ ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር፣ የውጭ ክቡ 22፣ ውፍረቱ 7። ስለዚህ አንዱ ሞተ ብለህ ጫማውን አትጣለው።

አውጣው፤ ክዳኑ የሚነሳ ዓይነት ከሆነ አንሳው። በቤንዚን እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። አንድ ጠብታ። በዘይት ያጥለቀለቀው ልጅ አቧራ ሰብስቦ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ የሚነፋበትም አለ። እሱ ያለውን ቅባት አጥቦ ያወጣዋል፤ ተወው። ቤንዚኑን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ከሰል የተቀጣጠለበት አጠገብ እንዳትነካው። ውጭ ነው የሚሠራው።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «አቤክ 9» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ጫማ። አቤክ የሚነግርህ ኩሽኔታው ምን ያህል ለልኬቱ ቀርቦ እንደተሠራ ነው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እያለ ይወጣል። ብረቱ ይጠንክር፣ ውሃ ይቻል፣ ዓመት ይቆይ አይነግርህም። ቁጥሩን አይተህ ብር አትጨምር። ይልቅ ጎማውን በጥፍርህ ጫን አድርገው። እንደ ባልዲ ፕላስቲክ ደርቆ ከመለሰልህ ሱቁን ትተህ ውጣ። ደረቅ ፕላስቲክ አስፋልት አይነክስም። ሜዳ ላይ አይታወቅህም፤ ስትታጠፍ ግን እግርህ ከሥርህ ይሸሻል።

ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ይተኛል

ጫማው ሰፍቶታል። እናቶች «ያድግበታል» ብለው ሁለት ቁጥር ጨምረው ይገዛሉ። ለትምህርት ቤት ጫማ ደግ ሐሳብ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። ልኩ እንዲህ ይታወቃል፦ ቀጥ ብለህ ስትቆም የእግርህ ጣት ጫፉን ነካ ያደርጋል፤ ጉልበትህን ስታጥፍ ሸሸት ይላል። ተረከዝህ ውስጥ ከተነሳ ሰፍቶሃል። ልኩ ሆኖም የሚተኛ ከሆነ ክሩን ከታች ጀምረህ አጥብቀው፤ የመሃሉን ማሰሪያ ሳትረሳ ዘለበቱን ቆልፍ። ጫማው ራሱ እንደ ካልሲ የሚጣጠፍ ከሆነ መፍትሄ የለውም።

ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቷል። አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛው አቀያይር፤ የተበላው ጎን ወደ ውጭ ይዙር። አለቀ።

ዋናው ብልሽት፦ ወደ ኋላ መቀመጥ

ከአሥር ተማሪ ስምንቱን እዚህ ላይ ነው የማገኘው። ምልክቱ ብዙ ስለሆነ ብዙ በሽታ ይመስላቸዋል። አንዱ «ሚዛን የለኝም» ይላል። ሌላው «ፍሬኑ አይዝም»። ሌላዋ «ቀኝ መታጠፍ እምቢ አለኝ»። ሁሉም ሲወድቁ በመቀመጫቸው ነው። እጃቸው ከመውደቃቸው በፊት እንደ ወፍ ክንፍ ይራገባል። እነዚህን ሁለቱን ካየሁ ሌላ አልጠይቅም።

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ሰው ከሚፈራው ነገር ይሸሻል። ቁልቁለት ላይ የሚያስፈራው ከፊት ነው፤ ስለዚህ ገላው ሳያዘው ወደ ኋላ ይሄዳል። ክብደቱ ሁሉ ተረከዙ ላይ ያርፋል። የፊተኞቹ ጎማዎች መሬቱን ለአመል ያህል ይነኩታል እንጂ አይጫኑትም። የሚያዞሩህ ግን እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ እግር ይቀድማል፣ ወገብ ይከተላል። ፍርሃቱ ሲጨምር የበለጠ ይቀመጣል፤ በተቀመጠ ቁጥር ማዘዝ ያቅተዋል፤ ባቃተው ቁጥር ይፈራል።

በረዶ ላይ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በታሰረ ረጅም ጣውላ መንሸራተት፣ የሚማሩትም እንዲሁ ናቸው። ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው የስኪው አፍንጫ ይቀለዋል፣ መታጠፍም እምቢ ይለዋል። እዚያም አሰልጣኙ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው «ቅልጥምህ ጫማውን ይጫን» እያለ ነው። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ሮቤል ተክለማርያምን ያነሱልኛል። በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የሱ ውድድር አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ቁልቁል ከሚወረደው ይለያል። አገራችን ለስኪ የሚሆን በረዶ ስለሌላት አስፋልት ላይ በባለ ጎማ ስኪ ይለማመድ ነበር። ጎማና በረዶ ይህን ያህል ዘመድ ናቸው።

ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ እሱ ደግሞ የማስተማር ጥፋት ነው። ፍሬኑ ያለው ተረከዝ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ እግር። ልጁ «ለመቆም ተረከዝህን ተጫን» ይባላል። ተረከዙ ላይ ይቀመጣል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ሁለቱንም ጉልበት አጥፍ። ቀኝ እግርህን ወደ ፊት አሳልፈው፣ ጣቱን ቀና አድርግ፣ ፍሬኑ መሬት ይንካ። ክብደትህ ግን የታጠፈው ግራ ጉልበትህ ላይ ነው ያለው። ቀስ እያልክ ወደ ፍሬኑ ታወርደዋለህ። ደረትህ ወደ ኋላ አይሄድም። ይህን አንድ ነገር ሳያስተካክሉ ሦስት ፍሬን የጨረሱ ልጆች አውቃለሁ። ፍሬን መጨረስ መቆም አይደለም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ላይ ማንም አይደርስበትም። ወደ ኋላ ሁሉ ይነዳል። «ጋሼ፣ አሁን የቤዛዊትን ኮረብታ ልውረድ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ከወገቡ እስከ ትከሻው ተልጦ ነበር። አልተቆጣሁትም፤ በጣም ነው ያዘንኩት። ሳር ላይ አቁሜ ጉልበቱን እንዲያጥፍ ነገርኩት። ወገቡን አጠፈ፣ ጉልበቱ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጥ ባለ እግር ነው የነዳው። ሜዳው ሸፍኖለት ነበር።

በሌላ በኩል ሐይቁ ዳር ያደገ፣ አባቱ ታንኳ ያለው ልጅ መጣ። ጎማ ረግጦ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ከፊቱ አድርጎ ቆመ። ማን አስተማረህ ብዬ ስጠይቀው «ታንኳ ላይ ወደ ኋላ ካልክ ይገለብጥሃላ» አለኝ። በሦስተኛው እሁድ መቆም ቻለ።

መፍትሄውን በቅደም ተከተል ልንገርህ። ቅደም ተከተሉን አታዛባ።

መጀመሪያ ሳር ላይ፣ ጎማው በማይሄድበት። ቅልጥምህ የጫማውን ምላስ እስኪጫን ጉልበትህን እጠፍ። ቁልቁል ስታይ ጉልበትህ የጫማህን ጫፍ ይሸፍንብህ። እጅህን ረከቦት ተሸክመህ ወደ እንግዳ እንደምትሄድ ከፊትህ አድርግ። ረከቦት የያዘ ሰው ወደ ኋላ አይልም። እዚያው ቆመህ ትንሽ ዝለል። ስታርፍ ተረከዝህ ቀድሞ ከመታህ ገና ነህ። ይህ አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ሙሉ ጠዋት ስጠው።

ቀጥሎ አስፋልት ላይ የጎጆ ክዳን። እግርህን ሰፋ አድርግ፣ ጣቶችህ ወደ ውስጥ ይጠጉ፣ ተረከዞችህ ወደ ውጭ ይግፉ። ከላይ ሲታይ የጎጆ ክዳን ይመስላል። ስኪ የሚጀምሩትም የሚቆሙት በዚሁ ቅርጽ ነው። ጣቶችህ እንዳይጋጠሙ ተጠንቀቅ፤ ከተጋጠሙ በአፍጢምህ ነው። ግፊቱ ከጎማው የውስጥ ጠርዝ ይምጣ። ጉልበትህ ከተዘረጋ አይሠራም።

ከዚያ ጠጠር አስቀምጥ። በሶምሶማ ሩጫ ፍጥነት ናና ጠጠሩ ጋ ስትደርስ ማቆም ጀምር። አምስት ሜትር ሳትሞላ፣ ሦስቴ ሞክረህ ሦስቴም ከቆምክ፣ ደረጃ ጨመርክ። ሁለቴ ከሆነ አልጨመርክም። ፍጥነትህን ለእኔ አታሳየኝ።

አሁን ቁልቁለት። በስኪ አገር ቁልቁለቱ በቀለም ተለይቶ ነው የሚታጠረው፤ አውሮፓ ውስጥ አረንጓዴው ቀላል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁሩ ለጎበዝ። እኛ ጋ ቀለም የሚቀባልህ የለም፤ አንተ ነህ የምትለየው። የምለየው በግርጌው ነው። ግርጌው ረጅም ሜዳ ሆኖ መኪና የማያቋርጠው ከሆነ ግባ። ግርጌው መገናኛ መንገድ፣ አጥር ወይም ኮብልስቶን ከሆነ፣ ቁልቁለቱ የቱንም ያህል ቢላላ፣ ለአንተ ጥቁር ነው። ኮብልስቶን ላይ የገባ ትንሽ ጎማ ቀጥ ይላል፤ አንተ ትቀጥላለህ።

ከአናቱ አትጀምር። ከግርጌው አሥር እርምጃ ብቻ ወደ ላይ ውጣ፣ ውረድ፣ ቁም። ስትችል አሥራ አምስት። ቀጥ ብለህም አትውረድ። መንገዱን ከዳር ዳር አቋርጠው፤ እያንዳንዱን መታጠፊያ አፍንጫህ ወደ ዳገቱ ዞር እስኪል ጨርሰው። ፍጥነትን ዳገቱ ይበላልሃል። ለዚህ ሁሉ መንገዱ ባዶ መሆን አለበት። ባጃጅ ባለበት አይሞከርም።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ቁልቁለት አሳምራ የምትወርደው አርባ ዓመት ያለፋት የልጆች እናት ናት። ልጇን ልታመጣ መጥታ ነው የጀመረችው። ልጆቹ እትዬ ነው የሚሏት። ከመጀመሪያው «መቆም ሳላውቅ አልሄድም» ብላ ስድስት እሁድ የጎጆ ክዳን ብቻ ሠራች። ጎረምሶቹ በዙሪያዋ ሲበሩ ዞር ብላ አላየችም። ዛሬ እነሱ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሆነው ጫማ ሲያወልቁ እሷ ዳር ዳር እያለች ትወርዳለች።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ጎማ የያዘው ብረት ከተሰነጠቀ አታበይደው፣ ጣለው። እርጥብ አስፋልትና ጃካራንዳ አበባ የረገፈበት መንገድ ላይ ቁልቁለት አይሞከርም። ወደ ሐይቁ ስትነዳ የከበደህ ከሆነ ነፋሱ ነው፤ ስትመለስ ከኋላ እንደሚገፋህ አስብ።

ተማሪዎቼ ስለ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ይጠይቁኛል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ተመርቋል፣ 380 ሜትር ነው፣ የብስክሌት መስመርም አለው። ሲያዩት ያጓጓል። ነገር ግን ድልድይ የመገጣጠሚያ ክፍተት አለው። ለመኪና ምንም ነው፤ ለ76 ሚሊሜትር ጎማ ጉድጓድ ነው። ክፍተት ስታይ አንዱን እግር አስቀድመህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ፣ ቀጥ ብለህ ተሻገረው። በአግድም እንዳትገባበት።

የመጨረሻው ስለ እጅ ነው። የእጅ አንጓ መከላከያ ሳያደርግ ወድቆ፣ አውራ ጣቱ ሥር ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ስትነካ የሚያመው ልጅ «ወለምታ ነው» ብሎ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። አታሽው። እዚያ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት ስትሰበር በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። ራጁ ንጹሕ ነው ቢሉህም ሕመሙ ካልለቀቀህ በአሥር፣ በአሥራ አራት ቀን ተመለስና ድጋሚ ይነሳ። እስከዚያ ድረስ እጅህ ታስሮ ይቆይ፤ ጫማውንም አታድርግ።