በባሕር ዳር ግቢ ለሚያምር የአትክልት አጥር ምን እንትከል?

ለአጥር የሚሆን ተክል ከመምረጥዎ በፊት ቀለሙን ከአበባ ነው ወይስ ከቅጠል የሚፈልጉት? ይህን ይወስኑ። ሂቢስከስና ቡገንቪሊያ የሚያብቡት በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ጫፉ የሚከረከም አጥር እምቡጡን አብሮ ያጣል፤ ብዙ ሰው «ተክሉ አላብብ አለኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከፈለጉ ቅጠሉ ቢጫ የሆነውን ዱራንታ ወይም ቀዩን አካሊፋ ይምረጡ። ሁለቱም ሙሉ ፀሐይ ይሻሉ፤ ማንጎ ጥላ ሥር ከገቡ ቀለማቸው ወደ አረንጓዴ ይመለሳል።

ከዚያ አፈሩ ነው። ጣና ዳር ባለው ሜዳ ላይ ዋልካ ያጋጥማል፤ ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ደግሞ ውኃ አይዝም። ለመለየት እፍኝ እርጥብ አፈር በመዳፍዎ መካከል እንደ ገመድ ያሹት። የእርሳስ ውፍረት እስኪኖረው ቀጥኖ፣ ሲያጥፉትም ሳይሰነጠቅ ቀለበት ከሠራ ዋልካ ነው። 40 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉበት፤ በማግሥቱም ውኃው ካልሰረገ እዚያ ቡገንቪሊያን በቀጥታ አይትከሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ሲገረጣ ውኃ የጠማው ይመስላልና ሰው ይጨምርለታል፤ የሚገድለውም ይኸው ነው።

ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ለም አፈር መሙላት አያዋጣም፤ ጉድጓዱ በዙሪያው ያለውን ውኃ እንደ ገንዳ ያጠራቅማል። ይልቅ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ 80 ሳንቲሜትር የሚሰፋ መደብ ይሥሩ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ይቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

የሚተከለው ዝናቡ ከያዘ በኋላ በሰኔ ነው፤ ሥሩ መስከረም ሳያልፍ መሬት መያዝ አለበት። ለዚህ እንዲደርስ የሂቢስከስ ቁራጭ የካቲት ላይ ይቆረጣል፦ እርሳስ የሚያክል፣ 20 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ከአንጓ ሥር የተቆረጠ። የታች ቅጠሎቹን ያራግፉና ሁለት አንጓ እስኪቀበር ግማሽ አሸዋ ባለው አፈር ውስጥ ይሰኩት፤ ጥላ ሥር ያቆዩት።

ዱራንታን በየ40 ሳንቲሜትር፣ ሂቢስከስን በየ70፣ ቡገንቪሊያን በየ1 ሜትር ይትከሉ። ለ10 ሜትር አጥር 26 ዱራንታ ይበቃል። ከግንብ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ያርቁ፤ ካልሆነ የጀርባው ጎን ይራቆታል። የቡገንቪሊያ ሥር መነካካት አይወድም፤ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደው አፈሩ ሳይፈርስ ያስገቡት።

ችግኙ 30 ሳንቲሜትር ሲደርስ ጫፉን ይቁረጡ። ለመቁረጥ አይሳሱ፤ ታቹ ገና ከጅምሩ ቅርንጫፍ ካላወጣ በኋላ አይሞላም። ሲከረክሙም ታቹን ከላዩ ሰፋ ያድርጉት፤ ላዩ ከሰፋ ታቹን ጥላ ያጠላበትና እግሩ ባዶ ይቀራል። ሂቢስከስን በአንድ ጊዜ አይላጩት፤ ከቅርንጫፎቹ ሲሶውን ብቻ ይቁረጡ፣ ቀሪው ያብብ። አንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ነው፤ ደማቅ አጥር የሚገኘው በቀንበጡ ብዛት ነው።

በመጀመሪያው በጋ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት፣ አንድ ጀሪካን ለአራት ችግኝ በሳምንት ሁለቴ ያጠጡ፤ ሥሩን በደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አያስነኩ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለቡገንቪሊያ ውኃውን ይቀንሱ። ውኃና ፍግ የበዛበት ቅጠል ብቻ ያወጣል።

ከብት ወይም ፍየል የሚገባበት ግቢ ከሆነ አጋም የሚያክል የለም፦ እሾኻም ነው፣ ነጭ አበባው ጥሩ መዓዛ አለው፣ ፍሬው ይበላል። እድገቱ ግን ዝግ ያለ ነው። የወፍ ቆሎን (ላንታናን) ቀለሙ ቢማርክም አይትከሉ፤ ከብት ይመርዛል፣ ወፎችም ዘሩን ወደ ግጦሽና ማሳ ይበትኑታል። የዱራንታ ቢጫ ፍሬም ለልጆች መርዝ ስለሆነ ሕፃን ባለበት ቤት ፍሬ ሳይዝ ይከርከሙት። ቡገንቪሊያን በመስከረም መጨረሻ ሲቆርጡ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፣ ቁርጥራጩንም በባዶ እግር ከሚረገጥበት ቦታ ለቅመው ያርቁት።