ከተተወ ማዕድን ማውጫ የሚወጣን አሲዳማ ውኃ ሲያክሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ አሲድና ኖራ ሲነሡ አብዛኛው ሰው የሚያስበው እርሻውን ነው፤ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ አሲዳማ ማሳ ላይ ኖራ መበተን ገበሬው የሚያውቀው ሥራ ነውና። ከተተወ ማዕድን ማውጫ አሲዳማ ውኃ ሲፈስም ቀድሞ የሚታሰበው ይኸው ኖራ ነው። ነገር ግን አፈር ባለበት ይቆያል፤ ውኃ ግን ይሄዳል፣ ሲሄድም የሟሟ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ይዞ ነው። እንደ ጨሞጋና ሙጋ ያሉ ከጮቄ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች ንጽሕና የሚገደው ሰው ይህን ልዩነት ከወዲሁ ሊያውቀው ይገባል።

የመጀመሪያው ስህተት ውኃውን በዓይን መመዘን ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 3 የሆነ ውኃ፣ ማለትም ፒኤቹ 7 ከሆነው በ10,000 እጥፍ አሲዳማ የሆነው፣ ብረቱ ሟሙቶ ስለሚገኝ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ሊታይ ይችላል፤ ብርቱካናማው ዝቃጭ ድንጋዩን የሚያለብሰው ውኃው ዝቅ ብሎ ከንጹሕ ጅረት ጋር ሲቀላቀልና አሲድነቱ ሲቀንስ ነው። የክረምቱ ጎርፍ መቅላት ግን የታጠበው አፈራችን እንጂ የአሲድ ምልክት አይደለም።

በበጋ አንድ ቀን ብቻ ለክቶ ዕቅድ ማውጣትም ያሳስታል። በደረቁ ወራት ከማዕድን ማውጫው የወጣው ድንጋይ ክምር ላይ የተጋገረው አሲድ ያዘለ ጨው በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ታጥቦ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የሚፈሰውን ውኃ መጠንም መለካት ከባድ አይደለም፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ10 ሰከንድ ከሞላ፣ በቀን 172,800 ሊትር እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ብዙ ልፋት ከንቱ የሚሆነው ግን የኖራ ድንጋይ በቦይ ውስጥ ደርድሮ ሥራው አልቋል በሚል ስህተት ነው። ብረት የበዛበት ውኃ አየር እያገኘ በድንጋዩ ላይ ሲያልፍ ብረቱ ወደ ዝገትነት ተለውጦ ድንጋዩን እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ከጊዜ በኋላ አንዱን አንሥተው በመዶሻ ቢሰብሩት ውጭው ብርቱካናማ፣ ውስጡ ግን ገና ያልተነካ ነጣ ያለ ድንጋይ ሆኖ ያገኙታል፤ ድንጋዩ አለ፣ ውኃው ግን አልነካውም። ብረቱ ገና ያልዛገ፣ አየርና አሉሚኒየም የሌለበት ውኃ ከሆነ ድንጋዩን አየር እንዳይገባው አድርጎ መቅበር ይቻላል፤ ካልሆነ ውኃው አስቀድሞ አየሩን በሚጨርስ የፍግና የገለባ ንጣፍ ውስጥ ሰርጎ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። ድንጋዩንም መለየት ያስፈልጋል፤ የደጋው ጥቁር ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፣ የኖራ ድንጋይ የሚገኘው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በደጀን አካባቢ ነው። አድቅቀው ሎሚ ቢያንጠባጥቡበት አረፋ ይደፍቃል።

ማንጋኒዝ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም፤ ፒኤቹ ወደ 9 ካልተጠጋ በአብዛኛው ሟሙቶ ይቀራል። ይህን ለማሟላት የተቃጠለ ኖራ ያለ ልክ መጨመር ደግሞ የውኃውን ፒኤች ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ዓሣውን በሌላኛው ወገን ይጎዳል።

ዝቃጩ የሚሰበሰብበት ኩሬ አለማዘጋጀት፣ ካዘጋጁም በኋላ አለመጥረግ፣ የተጠረገውንም ማሳ ላይ መድፋት በየቦታው የሚደገም ቸልተኝነት ነው። ከሁሉም በፊት ግን ንጹሑን ዝናብ ከክምሩ በላይ በቆረጥነው ቦይ ብናሻግረው የሚታከመው ውኃ ራሱ ይቀንሳል፤ አሲዱ የሚወለደው ድኝ ያለበት የብረት ማዕድን ከአየርና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ነውና።

የመጨረሻው ስህተት የተደፈነ የማዕድን ዋሻ አፍ ሳያጣሩ መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 በአሜሪካ ኮሎራዶ ጎልድ ኪንግ በተባለው የተተወ ማዕድን ማውጫ ሠራተኞች መግቢያውን ሲነካኩ ከ11 ሚሊዮን ሊትር በላይ የተበከለ ውኃ ፈንድቶ አኒማስ ወንዝን ብርቱካናማ አደረገው። ከተደፈነው አፍ ኋላ ያለው የውኃ ከፍታ ከላይ በሚሰረሰር ጠባብ ጉድጓድ ሳይለካ አንድ አካፋ አፈር እንኳ ከዚያ መነሣት የለበትም።