የትውልድ ቦታ ሲጻፍ የሚበላሹ ነገሮች

የቤተሰብና የአካባቢ ታሪክ ረቂቆችን አርማለሁ። ሰዋስው ብዙ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ የቦታው አድራሻ ነው።

«አባታችን በ1948 ዓ.ም. በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ሐዲያ ዞን፣ ሆሳዕና ተወለዱ።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳረምኩ! እባካችሁ፣ በ1948 ክልልም ዞንም አልነበረም። ሆሳዕና ያኔ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በከምባታና ሐዲያ አውራጃ ነበረች። ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛት የሚለው ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ሆሳዕና ያው ሸዋ ውስጥ ቀጠለች። ኢሕአዴግ ሲገባ ደቡብ ክልል ሆነች። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው ገና በነሐሴ 2015 ነው። ሰውየው ከቀዬአቸው ሳይነቃነቁ ይህ ሁሉ በላያቸው ተለዋወጠ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የልጅ ልጆቻቸው ነገ የድሮ የግብር ደረሰኝ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ቢያገኙ፣ ወረቀቱ ላይ የሚያነቡት «ሸዋ» የሚል ነው። መጽሐፉ ደግሞ ሌላ ይላል። ሁለቱ አንድ ቦታ መሆናቸውን ማን ይነግራቸዋል? ስለዚህ የዘመኑን ስም አስቀድሙ፣ የዛሬውን በቅንፍ አስከትሉ፦ ሆሳዕና፣ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት (ዛሬ ሐዲያ ዞን፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል)። አንድ መስመር ይረዝማል፣ ይርዘም።

ሁለተኛው ስህተት የዚሁ ወንድም ነው፤ የድሮውን ግዛት ሙሉ በሙሉ በዛሬው ክልል መተካት። «ጎጃም» ባየ ቁጥር «አማራ ክልል» ብሎ የሚጽፍ አለ። መተከል የጎጃም አውራጃ ነበር፤ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። አሶሳ ከወለጋ ወጥታ እዚያው ገባች። አውሳ ከወሎ ወደ አፋር ሄደ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሲዳሞን ሲዳማ ማድረግ ነው። ሲዳሞ ወላይታን፣ ጌዴኦንና ቦረናን ጭምር የያዘ ሰፊ ግዛት ነበር። ሲዳማ ክልል ደግሞ ከኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የተቋቋመ ነው። የወላይታን ሰው «ሲዳሞ ተወለዱ» ስለተባለ ብቻ ሲዳማ ብሎ መጻፍ ታሪኩን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ሁልጊዜ አውራጃውን ጠይቁ።

«በንጉሡ ዘመን 14 ጠቅላይ ግዛት ነበር» ሲባል ዘመኑን ለዩ። በ1934 ሲደራጅ 12 ነበር። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ፣ ኤርትራም በ1955 ተጨምራ ነው 14 የሞላው።

ከ1980 እስከ 1983 የተወለዱትን ደግሞ ሁሉም ይረሳቸዋል። በዚያ ጊዜ ክፍለ ሀገሮቹ ተከፋፍለው አስተዳደር አካባቢና ራስ ገዝ ሆነው ነበር። ድሬዳዋ፣ አሰብ፣ ኦጋዴን፣ ትግራይና ኤርትራ ራስ ገዞች ነበሩ። ያን ዘመን የሚያመለክት ወረቀት ከያዛችሁ እንዳለ ገልብጡት።

ቀበሌ ከ1967 በፊት የለም። አንድ ውጭ አገር ያደገ ጎበዝ ልጅ ስለ አያቱ ሲጽፍ በ1930ዎቹ «የቀበሌው ሊቀመንበር» አስገብቶ ላከልኝ። አክስቱን ደውለህ ጠይቅ አልኩት። አክስቱ ሰውየውን በደንብ ያስታውሷቸዋል፤ ጭቃ ሹም (የድሮ የመንደር ሹም) ነበሩ። አጥቢያው ከነታቦቱ ስም ተገኘ። እንዲህ የሚጠይቁ ጀማሪዎችን እወዳለሁ፤ አንድ ስልክ ምዕራፉን አዳነው።

የዘመን አቆጣጠሩንም ጻፉ። በእኛ 1987 የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የጸደቀበት ነው፤ በፈረንጆቹ 1987 ግን የደርጉ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) የተመሠረተበት። «በ1987 ሕገ መንግሥት» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን መንግሥት እንደሚያወራ አይታወቅም።

«ሰሜን ሸዋ» ብላችሁ አትተዉት። በአማራ ክልል መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነ፣ በኦሮሚያ ደግሞ ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ አለ። ቦረናም እንዲሁ፤ በደቡብ ወሎ የወረዳ ስም፣ በኦሮሚያ ክልል ደግሞ የዞን ስም ነው።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ክልል አይደሉም። ዛሬ 12 ክልልና 2 ከተማ አስተዳደር ነው ያለው።

ልዩ ወረዳ ላይ ደግሞ ዞን ፈጥራችሁ አትጨምሩ። ተጠሪነቱ በቀጥታ ለክልሉ ነው። በምትሞሉት የቦታ ሰንጠረዥ ላይ የዞን ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ባዶውን ይቅር።