የዘጌን ሥዕሎች ዳር ዳሩን እዩ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ከተሻገራችሁ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ በግድግዳው ላይ ከተሣሉት ዋና ዋናዎቹን ቅዱሳን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ጥጋጥጉንና የታችኛውን ረድፍ እዩ። የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ወታደሮች ጠመንጃ አንግበው ታገኛላችሁ። ሠዓሊው የሮም ወታደር የት ያውቃል? የሣለው በዙሪያው ያየውን ነው። ስለዚህ ጋሻውን፣ የፈረሱን ዕቃ፣ የጥለቱን ቀለም፣ የጠጉሩን አሠራር ልብ በሉ። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየውን ሰው ግን እንዲያው እለፉት፤ ክፉ መሆኑን ለማሳየት ነው እንጂ የሠዓሊው ዘመን ሰው እንዲህ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ብዙ ይናገራል። የቬኒሱ ሠዓሊ ካናሌቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማውን ሲሥል በየግንቡ ላይ ውኃው እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳየውን የአልጌ መስመር እንኳ አልዘለለም። ተመራማሪዎች መስመሩን ከዛሬው ጋር አስተያይተው ውኃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ገመቱበት።

የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጨለም ስለሚል ፀሐይ ሳለ ሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህኑን ጠይቁ፤ ቢፈቀድም ፍላሹን አጥፉት። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ አትርሱ።