ታንክ ውሃ ሲሻገር፦ ጣጣው ያለው ዳርቻው ላይ ነው

ጦር ወንዝ ሲሻገር የሁሉም ሰው ዓይን ውሃው ላይ ነው። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ዋናው ራስ ምታት ዳርቻው እንደሆነ ይታየኛል። ለዚህ የ1966ቱ የግብፅና የእስራኤል ጦርነት ጥሩ ማሳያ ነው። እርግጥ ስዊዝ ካናል ወንዝ አይደለም። ግን ወደ 200 ሜትር የሚሰፋ ውሃ ነው፤ ታንክ ደግሞ ልዩነቱን አያውቅም። ግብፆች ከምዕራቡ ዳር ተነስተው እስራኤሎች ወደያዙት ምሥራቁ ዳር መሻገር ነበረባቸው።

ምልክት፦ ድልድዩ አለ፣ ታንኩ አለ፣ ማዶ ግን መውጫ የለም

ምክንያቱ አሸዋ ነው። እስራኤሎች በምሥራቁ ዳር የአሸዋ ግድግዳ ከምረዋል። አንዳንድ ቦታ ቁመቱ 20 ሜትር ይደርሳል፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በሉት። በፈንጂ እንክፈተው ቢባል ግማሽ ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ማዶ ያለው ጠላት ቡናውን ጠጥቶ ይደርሳል።

መፍትሄው ውሃ ሆነ። ባኪ ዘኪ የሚባል ግብፃዊ መሐንዲስ መኮንን ቀደም ሲል አስዋን ግድብ ላይ ሠርቷል። እዚያ አሸዋ በውሃ ግፊት ሲገፋ አይቷል። ስለዚህ ፓምፕ ጀልባ ላይ ጭኖ የካናሉን ውሃ ግድግዳው ላይ መልቀቅ ነው አለ። ለግንባታ የተከመረ አሸዋ በአንድ ዶፍ ዝናብ ተንዶ ቱቦ ሲሞላ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በሙከራ ጊዜ ሥራው በሁለት ሦስት ሰዓት አለቀ። መስከረም 26 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ፓምፖቹ ተዘጋጅተው ነበር።

ምልክት፦ መውጫው ተከፈተ፣ ግን ጭቃ ሆነ

በደቡብ በኩል፣ የግብፅ ሦስተኛው ጦር በተሻገረበት፣ የገጠማቸው ይሄ ነው። አፈሩ አሸዋ ብቻ አልነበረም፤ ሸክላም ነበረበት። ውሃ ሲነካው ላቆጠ። ድልድዮቹም ዘገዩ። መፍትሄው አድካሚ ነው፦ ጭቃውን መዛቅ፣ ከዚያ እንጨት፣ ብረት፣ ድንጋይ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ የተገኘውን ሁሉ ማንጠፍ። አፈሩን አስቀድሞ መመርመር ይሻል ነበር ማለት ዛሬ ቀላል ነው፤ ያኔ ግን አፈሩ ያለው በጠላት እጅ ነበር።

ምልክት፦ እግረኛው ተሻግሯል፣ ታንኩ ገና ነው፣ የጠላት ታንክ መጣ

ይሄ ጉድለት ሳይሆን የማይቀር ክፍተት ነው። የጎማ ጀልባ ሁልጊዜ ድልድይን ይቀድማል። ግብፆች እግረኛውን በገመድ መሰላል ግድግዳው ላይ አወጡት። ሻንጣ በሚመስል ሣጥን የሚያዝ ማልዩትካ የተባለ ፀረ ታንክ ሚሳይልም አስያዙት። ጥይቱን በእጅ ጋሪ እየጎተቱ ነበር የወጡት።

ምልክት፦ ድልድዩ ተመታ

የሶቪየቱ ተንሳፋፊ ድልድይ ከመኪና ላይ ውሃ ውስጥ ሲጣል ራሱ የሚዘረጋ፣ በቁራጭ በቁራጭ የሚገጣጠም ነው። የተመታውን ቁራጭ አውጥቶ ሌላ መተካት ነው። ሌሊት ድልድዩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርም ይረዳል።

ምልክት፦ ድልድዩ ውሃው ጋ አልደረሰም

ይሄ የእስራኤሎች ታሪክ ነው። ከጥቅምት 5 ለ6 አጥቢያ በተራቸው ወደ ምዕራብ ተሻገሩ። ወደ 400 ቶን የሚመዝን፣ በታንኮች የሚጎተት ድልድይ ነበራቸው። መንገድ ላይ ተሰበረ። ከኋላው ያለው መንገድም በተሽከርካሪ ተጨናንቆ ነበር፤ ልክ እንደ በዓል ዋዜማ።

ያዳናቸው በጎማቸው መጥተው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጀልባዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ታንኮች በነሱ ተሻገሩ። ሌላ ተንሳፋፊ ድልድይ በማግስቱ ተዘረጋ፤ ያ ግዙፍ ድልድይ ግን ከዚያም በኋላ ነው የደረሰ። ዳርቻውንማ አስቀድመው አስበውበታል። የእስራኤሉ ጄኔራል ሻሮን ከጦርነቱ በፊት የአሸዋ ግድግዳውን አንድ ቦታ ላይ ቀጭን አድርገው በቀይ ጡብ ምልክት አድርገውበት ነበር። ቡልዶዘሩ የት እንደሚገፋ መፈለግ አላስፈለገውም።